የከበሮህ ምትክ

ዳባት፣ የካቲት 2 ቀን 2010 ዓ.ም.

ውድ ዝናቡ፣

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ የአጎትህ ልጅ ታሊያ ናት። በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀመርኩ፤ አንተ ግን ሰው አስጨርሰህ አታውቅም። ገና «ትልቁ ማሽን» ስል «እሱ ይሻላል አይደል?» ትላለህ። ወረቀት አታቋርጠውም፤ ተቀምጠህ አንብብ።

ሁለቱም ግሩቭቦክሶች፣ የላክልኝ የከበሮ ምት ማሽኖች፣ በደህና ደርሰውልኛል። «ሰርግ ላይ ሞክራቸውና ከበሮዬን የሚተካልህን አንዱን አስቀር፤ ሌላውን ታሊያ ትመልስልኛለች» ብለህ ነበር። እሷ ሰኞ ትሄዳለች፤ ጾሙም ሰኞ ይገባል። ከእንግዲህ እስከ ፋሲካ ሰርግ ስለሌለ የሞከርኩትን ሞከርኩ ማለት ነው። ያየሁትን ሳልጨምር ሳልቀንስ እጽፍልሃለሁ።

ከትንሹ ልጀምር። ክብደቱ ከአንድ ኪሎ ስኳር አይበልጥም። በስድስት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ሙሽራዋ ከገባች ጀምሮ ምሳ ተበልቶ እስኪነሣ አንድም ቀን አልጠፋብኝም። ወቅን ከተማ ሰርግ ላይ መብራት ሄዶ ሞንታርቦውም ኪቦርዴም ዝም ሲሉ እሱ በራሱ ትንሽ ድምፅ ማውጫ ቀጠለ፤ ጀነሬተሩ እስኪነሣ ሴቶቹ በጭብጨባ ደግፈው አቆዩት። አንዱ ሰካራም ጠላ ደፍቶበት ነበር፤ ጠርጌው ቀጠልን። ጉድለቱም አለ። ቁልፎቹ የተጠጋጉ ናቸው፤ በደባርቅ የጠዋት ብርድ ጓንት አድርጌ ስነካው ሦስቱን በአንዴ እጫናለሁ። የከበሮው ድምፅ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ባዶ ጄሪካን የሚመታ ይመስላል።

ትልቁ በድምፅ አይታማም። ሞንታርቦው ላይ ስሰካው የዳሱ ምሰሶ ተንቀጠቀጠ። ከውጭም ድምፅ ይቀዳል። ግን ያለ መብራት አይሠራም፣ ፀሐይ ላይ ደግሞ ስክሪኑ አይታይም፤ ታሊያ ምስኪን በነጠላዋ ስትጋርድልኝ ዋለች።

ሁለቱም ሲመጡ በአሥራ ስድስት ምት የተሞሉ ነበሩ። የእኛ ጭፈራ በአሥራ ሁለት እንደሚዘጋ አንተ ታውቃለህ፤ ማሽኖቹ ግን አያውቁም። እንዳሉ የከፈትኳቸው ቀን እስክስታ መቺዎቹ ትከሻቸውን የት እንደሚያሳርፉት ጠፋቸው። ትንሹን በአንድ ቁልፍ ወደ አሥራ ሁለት አሳጠርኩት። በትልቁ ግን ታሊያ መመሪያውን እየተረጎመችልኝ ግማሽ ቀን ፈጀን።

ያም ሆኖ ድምፁ አታለለኝና ለወፍጮ ቤቱ ለገዱ ልጅ ሰርግ ትልቁን ይዤ ሄድኩ። እሱ ላይ ዘፈኑን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀድመህ ትደረድራለህ፤ ከዚያ ራሱ ይሄዳል። አራት ደቂቃ ቀስ ያለውን፣ ከዚያ ፈጣኑን አድርጌ ደረደርኩ። ሁለት እጄም ለኪቦርዱ ነፃ ሆነ ብዬ ተደሰትኩ። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል።

የሙሽራው አጎት አቶ ወልደ ገብርኤል ከመካከል ተነሥተው «ተቀበል!» አሉኝ። አንተ ብትኖር ያኔውኑ ከበሮውን ዝቅ አድርገህ ዓይን ዓይናቸውን ታይ ነበር። ግጥሙ ለሟቹ ለሙሽራው አባት ለገዱ ነበር። የመጀመሪያውን ስንኝ ሰጡኝ፤ እኔም በዜማ መለስኩላቸው። ለሁለተኛው ትንፋሽ ሲስቡ አራት ደቂቃው አለቀና ማሽኑ ወደ ፈጣኑ ገባ። ጎረምሶቹ ዘለው ተነሡ። ሽማግሌው ጣታቸውን እንደቀሰሩ ቀሩ። ስክሪኑ ስለማይታየኝ እዚህ ስጫን እዚያ ስጫን ቆይቼ ሳስቆመው እሳቸው ተቀምጠዋል።

«ሟች ሲወሳ የሚያቋርጥ ምን ያለ ሰው ነው?» አሉኝ።

«አባቴ፣ ሰው አይደለም፤ ማሽኑ ነው።»

«ታዲያ አንተ የት ነበርህ?»

በማግስቱ ሁለት ሽማግሌ ይዤ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁ። ይቅርም አሉኝ። ሁለተኛውን ስንኝ ግን እስከ ዛሬ አልነገሩኝም።

ትንሹ እንዲህ አይደለም። ያንኑ ምት እያዞረ፣ «እለፍ» እስክለው ድረስ ይጠብቃል። ወቅን ላይ አንዲት አክስት ግጥሙ ጠፍቷቸው ጣሪያ ጣሪያውን እያዩ ሲያስቡ እሱ እዚያው ሲዞር ቆየ፤ አስታወሱና ቀጠልን። ስለዚህ ለሰርግ ሥራ ትንሹ ነው የሚሻለው።

እዚህ ላይ ብጨርስ ደስ ባለኝ። ግን በትልቁ ማሽን በመጨረሻው ቁልፍ ላይ ያስቀመጥኸውን አገኘሁት። ተጫንኩት፤ መጀመሪያ ጉሮሮህን ጠረግህ፣ ከዚያ ከበሮህ መጣ። ስምንት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠህ ሳትጠርግ ጀምረህ አታውቅም። ያኔ ያናድደኝ ነበር። ወደ ትንሹ ላሻግረው ሞከርኩ፤ እሱ ግን ከራሱ ድምፅ በቀር የማንንም አይቀበልም።

አንድ ነገር ልናዘዝልህ። አምና በጥር አገር ለቀህ ስትሄድ ልሸኝህ ያልመጣሁት ጀነሬተር ተበላሽቶብኝ ነው ብዬህ ነበር። ጀነሬተሩ ደህና ነበር። በሰርግ ወቅት መካከል ጥለኸኝ በመሄድህ ተናድጄ ቤቴ ተቀምጬ ነው። አውቶቡሱ በደጄ ሲያልፍ በመስኮት አየሁት። ያን ቀን ያልወጣሁት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ትናንት ትልቁን ይዤ ደባርቅ እናትህ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ እናናዬ ደህና ናቸው፤ አንተ ወዳለህበት አገር የሚሻገሩበት የጉዞ ወረፋቸው ግን አሁንም አልደረሰም። ምንም ሳልነግራቸው ቁልፉን ተጫንኩት።

«እሱ ነው! ጉሮሮውን ሲጠርግ!» ብለው ብድግ አሉ። ከዚያ በራሳቸው ጣት ይጫኑት ጀመር። አሥር ጊዜ ቢሆን ነው።

መንገድ ላይ ቆርጬ ነበር የሄድኩት። «እትዬ፣ ይኸኛው እርስዎ ዘንድ ይቅር፤ ሲናፍቅዎ ይጫኑት። እኔ ትንሹን መልሼ በኪቦርዴ ብቻ እሠራለሁ» አልኳቸው። ቀላል አልነበረም። ያለ ምት የሚሄድ ኪቦርድ ማን ይጠራዋል? ሰርጉን ሁሉ ዲጄዎቹ በፍላሽ እየወሰዱት ነው።

ጣታቸውን ከቁልፉ አነሡ።

«አይ ልጄ። ስጫነው ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚለኝ። ጉሮሮውን ይጠርጋል፣ ይመታል፣ ዝም ይላል። እንዴት አደርሽ አይለኝ፣ ስጠይቀው አይመልስልኝ። መልሰህ ላክለት። እጁን ልኮልኝ ራሱ እዚያ አይቅር። ወይ ወረፋዬን አስጨርሶ ይውሰደኝ፣ ወይ መጥቶ ይየኝ፤ እንዲህ ብላለች በለው።»

ይኸው አልኩህ። ትንሹን አስቀርቻለሁ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ትልቁ በጋቢ ተጠቅልሎ ታሊያ ሻንጣ ውስጥ ነው። ያስገባኸውን አላጠፋሁትም። ከእሱ አጠገብ ባለው ቁልፍ ላይ የእናትህን ድምፅ ቀድቼልሃለሁ፤ ሲነግሩኝ የነበረውን ሳይሆን፣ ስወጣ በር ላይ የመረቁኝን ነው። እሱም ሁልጊዜ ያንኑ ነው የሚልህ።

ከዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ዳባት ላይ ሰርግ ይዘናል። ከበሮህ እኔ ቤት ተሰቅሏል፤ ላልቶ የነበረውን ጠፍሩን አስጠብቄዋለሁ። ሌላ መቺ ፈልግ ያለኝ አልጠፋም። በግራዬ ያለው ወንበር ግን እንዳለ ነው፤ ማሽኑ ጉልበቴ ላይ ይበቃዋል።

ያልሸኘህ ጓደኛህ፣
ምስክር