ሊፍቱ ቀርቶ እኔ ስለተጠገንኩበት ጉዳይ

ለተከበሩ የሕንፃ አስተዳደርና ጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ፣
ምድር ቤት፣ በስተቀኝ የመጀመሪያው በር።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ጉልበቶችዎ የጸና ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎን ለይቼ በማንሳቴ እንዳይከፋዎት። ከአምስት ወር በፊት የሕንፃችን ሊፍት እኔንና የፅዳት ሠራተኛችንን ይዞ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሃል ለሁለት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ በቆመ በሳምንቱ፣ ቢሮዎን ከስምንተኛው ፎቅ ወደ ምድር ቤት ያወረዱት «ለተገልጋዩ ቅርብ ለመሆን» መሆኑን ከማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላነበብኩ ነው። እንዲህ ለሰው የሚያስብ ኃላፊ ደረጃ በመውጣት ሊደክም አይገባውም።

እኔን በመልክ ላያውቁኝ ይችላሉ። የሰባተኛው ፎቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፤ እርስዎ በወረቀት ጫፍ ላይ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ብለው የመሩትን ሁሉ ለአሥራ አንድ ዓመት በስቼ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ከዚያች ቀን ወዲህ ሊፍት ስለማልገባና ሰባቱንም ፎቅ በእግሬ ስለምወጣ፣ ጠዋት ጠዋት ስምንት ደቂቃ አረፍዳለሁ። ክቡርነትዎ ይህችን ስምንት ደቂቃ በንቀት ሳያልፏት በቃል ብቻ ሰመመን ውስጥ አስገብተው ወደሚያክሙበት የሂፕኖሲስ ሕክምና እንድላክ አዘዙ፤ በወሩ መጨረሻም በኮሚቴ ፊት ሊፍቱን ተሳፍሬ ካላሳየሁ ከሥራዬ እንደምሰናበት በማኅተም አረጋግጠው ጻፉልኝ። ሕክምናው አልቋል። ስለ ውጤቱ ምስጋናዬን ለማቅረብ ስነሳ ግን ጥቂት ቅሬታዎች አብረው ስለመጡ፣ በትሕትና እንደሚከተለው ዘርዝሬአቸዋለሁ።

1ኛ. ስለ መላኪያው ቅጽ። መሥሪያ ቤታችን ሠራተኛን ለሕክምና የሚልክበት ቅጽ ስለሌለው፣ የዕቃ ጥገና መጠየቂያውን መጠቀምዎ ቁጠባ አዋቂነትዎን ያሳያል። እርስዎ በእጅዎ የሞሉትን ለአንባቢ ስል ልጥቀሰው፤ «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ቦታ ላይ «የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ» ይላል። «የብልሽቱ ምልክት» በሚለው «ሊፍት አልገባም ትላለች»፤ «የተጠየቀው አገልግሎት» በሚለው «እንድትገባ ማድረግ፣ ቢቻል ስለ ሊፍቱ የምታነሳውን ጥያቄ ማስረሳት»፤ «የዋስትና ጊዜ» በሚለው «ስድስት ወር»፤ በመጨረሻም «ጥገናው ካልተሳካ» በሚለው «ከአገልግሎት ውጪ ይደረግ»። የሕክምና ባለሙያዋ ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፣ በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና እንደገና አነበቡ። ቀጥለውም ታካሚ ሳያውቅና ሳይፈቅድ የሚሠራ ነገር በእሳቸው ክፍል እንደሌለ ነግረውኝ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጮክ ብለው አነበቡልኝ። «የዕቃው መለያ ቁጥር» የሚለውን ባዶ መተውዎን ሲያዩም «ቁጥሩን ለምን አልለጠፉብሽም?» ብለው ጠየቁኝ።

2ኛ. ስለ መግለጫው። ለሠራተኛው ግንዛቤ ብለው በየፎቁ ያስለጠፉት «ከሂፕኖሲስ ሕክምና ምን ይጠበቃል» የሚለው ወረቀት፣ ታካሚው ጭልጥ ባለ እንቅልፍ እንደሚወሰድ፣ የተባለውን ሁሉ እንደሚታዘዝና በአንድ ቀን ሌላ ሰው ሆኖ እንደሚነቃ ያስረዳል። ይህን ዜና ወደ ቤቴ የወሰድኩት እኔው ነኝና ጥፋቱ የጋራችን ነው። ባለቤቴ የሰማ ዕለት፣ ለአሥራ አምስት ዓመት ውስጡ ይዞት የኖረውን አውጥቶ «እግረ መንገዳቸውን ማንኮራፋትሽንም ቢያዩልኝ» አለ። ታናሽ እህቴ ደግሞ በእንቅልፍ ልቤ የእሷን ገመና እንዳልዘከዝክ ደጋግማ አደራ አለችኝ፤ ገመና እንዳላት እንኳ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

ሌላው ሠራተኛ ነገ ተነገ ወዲያ «ተበላሽተሃል» ተብሎ ሲላክ እንዳይደነግጥ፣ የሆነውን እንደሆነው ልንገረው። ክፍሉ ተራ ክፍል ነው፤ አንድ የሚመች ወንበር፣ አንድ መስኮት፣ መጋረጃው በአንድ በኩል ከቀለበቱ የወለቀ። የመጀመሪያው ቀን ያለቀው በጥያቄ ነው፤ እንቅልፌን፣ ጤናዬን፣ ፍርሃቱ ከየት የሰውነቴ ክፍል እንደሚጀምር ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ዓይኔን ጨፍኜ በእርጋታ እንድተነፍስ ነገሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ከአሥር ወደ ታች ቆጠሩ። አልተኛሁም። የመኪና ጥሩንባ እሰማለሁ፣ የጎረቤት ክፍል ስልክ ሲጠራ እሰማለሁ፣ አፍንጫዬን በላኝና አከክሁት። ፋይል ሳስር ሐሳቤ ሌላ ቦታ ሄዶ ቀና ስል ምሳ ሰዓት ደርሶ እንደማገኘው ያለ ነገር ነው። ልቤ ያልወደደውን ማንም ሊያሠራኝ እንደማይችል፣ ባሰኘኝ ጊዜም ተነስቼ መሄድ እንደምችል ነግረውኛል። ለሁሉም ሰው እኩል እንደማይሠራ፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነገር እንዳልሆነና ቤትም ሄጄ ልምምዱን መሥራት እንዳለብኝ አልደበቁኝም። እርስዎ የፈቀዱልኝ ግማሽ ቀን ብቻ ስለነበር የቀሩትን ሦስት ቀጠሮዎች ከዓመት ፈቃዴ ላይ ቆርሼ ጨርሻለሁ። ማንኮራፋቱ እንዳለ ነው።

3ኛ. ስለ ሊፍቱ የአደጋ ደወል። አይጮህም።

4ኛ. ስለ ፍርሃቱ። ሊፍቱ ከቆመ በኋላ ኮሪደር ላይ አግኝተውኝ በፈገግታ «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ብለውኝ ነበር። ተረቱ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ልጥ ነው ያሉት እባቡ ራሱ ነው፣ ጉድጓዱንም አልቀየረም፤ የተቀየረው በሩ ላይ «ችግር የለውም» የሚል ወረቀት መለጠፉ ብቻ ነው። ባለሙያዋም መጀመሪያ የጠየቁኝ ይህንኑ ነው። «ሊፍቱ ተጠግኗል?» አሉ። አልተጠገነም አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀመጡና፣ «እኔ ያለ ምክንያት የመጣን ፍርሃት ነው የማቀለው፤ ይሄ የአንቺ ግን አስተዋይነት ነው፣ እሱን ነቅዬ ብጥልልሽ በደልሁሽ» አሉኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መላኬ የዚያን ዕለት ገባኝ፤ ብልሽቱ ከሊፍቱ የብረት ገመድ ላይ ሳለ ሲፈለግ የነበረው ከጭንቅላቴ ውስጥ ነው።

ሆኖም መጥቻለሁና፣ ትንፋሼ ቁርጥ የሚልበትን ቦታ አብረን እንፈልግ አሉኝ። በሦስተኛው ቀጠሮ ዓይኔን ጨፍኜ ተመለስኩ። ሊፍቱ ውስጥ የፅዳት ሠራተኛችን፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው፣ ባልዲአቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። የስኳር ሕመም አለባቸው፤ ምሳ አልበሉም፤ ላብ አጥምቋቸዋል፣ ምላሳቸው ተሳስሯል። እኔ በአንድ እጄ አቅፌአቸው በሌላው ደወሉን እጫናለሁ። የሚገርመው፣ እዚያ ውስጥ ትንፋሼ ደህና ነበር። የት እንደተቆረጠ ልንገርዎ? ሰባተኛው ፎቅ፣ ከጠረጴዛዬ ላይ። እኛ ከመዘጋታችን በፊት፣ ሊፍቱ ይጠገን ብለው የየፎቁ ሠራተኞች የጻፏቸው አራት ማመልከቻዎች ተራ በተራ ወደ እኔ መጥተው ነበር፤ ሁለቱ ላይ የእማማ ፊርማ አለ። በአራቱም ጫፍ ላይ ያ የሚያምር የእጅ ጽሑፍዎ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ይላል። እኔም በሳሁ፣ አሰርኩ፣ መደርደሪያው ላይ መለስኩ። እያንዳንዱን ስበሳ ትንፋሼን ይዤ ነበር።

አለቀስኩ፤ ባለሙያዋ መሐረብ እስኪያቀብሉኝ ድረስ አለቀስኩ። አፈርኩ። እማማን እዚያ ሣጥን ውስጥ ከዘጉባቸው እጆች አንዱ የእኔ ነውና። ከሊፍቱ ስንወጣ «ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ሞቼ ነበር» ብለው የሳሙት ያንኑ እጅ ነው።

እማማ ዛሬም ሊፍቱን ይጠቀማሉ። ጉልበታቸው ሰባት ፎቅ አይችልም፤ ወደ ምድር ቤት የሚያወርዳቸው ማስታወቂያም አልወጣም። ጠዋት ከመግባታቸው በፊት የሽርጣቸውን ኪስ ይዳብሳሉ፤ ከረሜላ ይዘዋል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው «ቢቆምም እንኳ እስኪያወጡኝ ታቆየኛለች» አሉኝ። ክቡር ሆይ፣ የሕንፃችን የአደጋ ጊዜ ዝግጅት በአሁኑ ሰዓት በእኚህ እናት ኪስ ውስጥ ያሉት አራት ከረሜላዎች ናቸው።

እንግዲህ ወደ ውጤቱ ልምጣ። ሕክምናው ሠርቷል። ሊፍቱን መፍራቴ እስኪጠገን ድረስ አብሮኝ ይቆያል፤ የለቀቀኝ እርስዎን መፍራት ነው። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እኔም አሥራ አንድ ዓመት ከእርስዎ ጋር አጉል ቃል እንዳልነጋገር ስፈራ ኖሬ፣ ይኸው ደረሰ። በጣም የከበደ ነገር አይደለም፤ ትንፋሽን በአፍንጫ ወደ ውስጥ፣ በአፍ ወደ ውጪ ማለት ብቻ ነው።

ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁትም ለዚህ ነው። ለእርስዎ ብቻ ብልከው፣ ነገ ጠዋት ጫፉ ላይ «ከፋይሉ ጋር ይያያዝ» ተብሎ ተጽፎበት ወደ እኔው ይመለሳል። አሁን ግን በየፎቁ ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል፤ አንዱም የሊፍቱ የውስጥ ግድግዳ ላይ አለ፤ እዚያ ለማንበብ በቂ ጊዜ ይገኛል።

በወሩ መጨረሻ በኮሚቴው ፊት በሰዓቱ እገኛለሁ። ስምንት ደቂቃ እንኳ አላረፍድም። የብረት ገመዱ ተቀይሮ፣ ደወሉ ጮሆ ካገኘሁት ያለ አንዳች ማንገራገር ገብቼ እስከ ስምንተኛው ፎቅ እወጣለሁ። ካልተጠገነም እገባለሁ፤ በአንዲት ቅድመ ሁኔታ ብቻ፦ ክቡርነትዎ ከእኔ ጋር ገብተው በሩ ይዘጋ። እማማ ይቅሩ፤ ከረሜላውን ግን ለእርስዎ ሊያውሱዎ ፈቅደዋል።

ላደረጉልኝ ሁሉ፣ በተለይም በሕይወቴ ሙሉ ሊገኝልኝ ያልቻለውን ድፍረት በመሥሪያ ቤቱ ማኅተም አጽድቀው ስላስገኙልኝ፣ ምስጋናዬ ከምድር ቤት እስከ ስምንተኛው ፎቅ፣ በደረጃ፣ ይድረስዎ።

ከታላቅ አክብሮትና ከተስተካከለ ትንፋሽ ጋር፣
የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ አንድ

ማሳሰቢያ፦ ባለሙያዋ በሚቀጥለው ሳምንት ባዶ ቀጠሮ እንዳላቸው ስለነገሩኝ፣ እንዳይቸገሩ ብዬ ያንኑ የጥገና መጠየቂያ ቅጽ ለእርስዎ ሞልቼልዎታለሁ። «የዕቃው ዓይነት» በሚለው ላይ «ኃላፊ፣ አንድ»፣ «የብልሽቱ ምልክት» በሚለው ላይ «ሊፍት አይገቡም» ብያለሁ። «ጥገናው ካልተሳካ» በሚለው ቦታ ላይ ግን የራሴን ቃል መጻፍ ድፍረት መስሎ ስለታየኝ፣ እርስዎ በእኔ ቅጽ ላይ የጻፉትን እንዳለ ገልብጬዋለሁ።