ምርቃት ከማን ቁና ይዘገናል?

አያልነህ፣ የልጆቼ አባት፤ አንተ ከተለየኸን ወዲህ የቡሬ በርበሬ ሁለት ጊዜ ቀላ። እንዴት ሰነበትህ ብልህ አትመልስልኝም። ድሮስ ክርክር ሲበረታ ዝም ትለኝ አልነበር? ዛሬም ክርክር ይዤ ነው የመጣሁ።

መንትዮቹ ተፈትነው ውጤታቸው መጣ። ይበልጣል እንደ ስሙ እኅቱን በጥቂት ነጥብ በለጣት። የዩኒቨርሲቲ መግቢያው ነጥብ ግን ለሴት ዝቅ ብሎ ወጣና እመቤት ገባች፣ እሱ ቀረ። በአንድ ማህፀን ያደሩ ልጆች! እልል ልበል ወይስ ልዘን? ጎረቤቱም «እንኳን ደስ ያለሽ» እና «አይዞህ» በአንድ አፍ ብሎ ወጣ።

ብትኖር የምትለውን አውቀዋለሁ። የሒሳብ መምህር አይደለህ! «ልክ ልክ ነው» ትል ነበር። ገበያ ልታግዘኝ ስትመጣ፣ ዛላ በርበሬውን በቁና ሰፍሬ ስጨርስ ለገዢው አንድ ጭብጥ ስመርቅ ታይና፣ ሞልቶ ሳለ ምን ይጨመራል ብለህ ትስቅብኝ ነበር። እኔም ዛላ ውስጡ ባዶ ነው፣ እርስ በርሱ ይደጋገፋል እንጂ አይጠጋጋም፣ ቁናው ሞላ ቢልህ አትመነው እልህ ነበር። ምርቃት ቸርነት አይደለም፤ ቁናው ያላየውን ክፍተት መሙያ ነው። ያኔ ረትቼሃለሁ፣ አትካድ።

የእመቤትም ነገር እንደዚያው ነው። አንተ ካረፍህ ወዲህ ይበልጣል ከመጻሕፍትህ ጋር ሲውል፣ እሷ ውኃ ስትቀዳ፣ ከእኔ ጋር ገበያ ስትውል ከርማ፣ ዓይኗ በበርበሬ እየተቃጠለ ነው ደብተር የገለጠችው። ይህን የትኛው ቁና ሰፈረው? ይህንኑ ለልጁ ነገርሁት፤ የተጨመረላት ምርቃት ነው፣ ድርሻዋ ነው አልሁት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ቀና ብሎ አየኝና፣ ምርቃትማ ከሻጩ ነው የሚወጣው፣ የእሷ ግን ከእኔ ቁና ተዘግኖ ነው አለኝ። ቁርጥ አባቱን!

ከዚያ ወዲያ ቤታችን ቤት አልሆነም። እኅቱን «ምርቃት» ብሎ ይጠራት ጀመር። ምርቃት፣ ውኃ አቀብይኝ። ምርቃት፣ በሩን ዝጊ። እሷም በስድብ ስም አልሄድም፣ ነገ ተመረቅሁ ብዬ ብመጣም በዚሁ ቃል ይስቅብኛል ብላ ሻንጣዋን አልጋ ሥር መለሰችው። እኔስ? ልጅ ከቤት ስትወጣ እናት ትመርቃለች። ነይ ልመርቅሽ ልል አፌን ስከፍት ቃሉ ራሱ መርዝ ሆኖብኝ እዘጋዋለሁ። ጉዴን አየህልኝ? ተነሥቼ እቀመጣለሁ፣ ተቀምጬ እነሣለሁ። ተዘግቶ የከረመው መንገድ ተከፍቷል፣ ተማሪ የሚወስደው መኪናም ሰኞ ከፍኖተ ሰላም ይነሣል ይላሉ።

ዛሬ ሦስታችንም ገበያ ወጣን። እሱ በርበሬ የሞላውን የማዳበሪያ ጆንያ ተሸክሞ። አንዲት የሽንዲ ባልቴት ቁና ሙሉ ዛላ ገዙ። እመቤት ሰፍራ ገለበጠችላቸውና እጇን ሰበሰበች። እንዲህ አድርጋ አታውቅም! ሴትዮዋ የከረጢታቸውን አፍ ከፍተው ጠበቁ፣ ጠበቁና፣ መርቂልኝ እንጂ ልጄ አሏት። አንገቷን ደፋች። እንባዋ መጣ ስል ይበልጣል ከኋላዬ ብቅ አለና በሁለት እጁ ዝቆ ጨመረላቸው። እኔ እንኳ ያን ያህል መርቄ አላውቅ። ባልቴቷ ደስ ብሏቸው ሁለቱንም በአንድ ላይ «ተመረቁ!» አሏቸው። እመቤት እያለቀሰች ሳቀች። እሱ አልሳቀም፤ ጎንበስ ብሎ የፈሰሰውን ዛላ ለቀመ። ቤት ስንገባ ግን ሻንጣዋን ከአልጋው ሥር ያወጣው እሱ ነው፤ በስሟም ጠራት።

እና ልክ ነው ወይ አትበለኝ። ትሄዳለች፣ ይገባታልም። እሱ ደግሞ እንደገና ሊፈተን የመጻሕፍትህን አቧራ አራግፏል። የእሱ ጉድለት ከማን ቁና እንደሚሞላ ግን አንተው ንገረኝ።

አንተንማ የት እረሳሃለሁ? ቁና በሞላሁ ቁጥር «ልክ ልክ ነው» ስትለኝ እሰማሃለሁ፣ ተከራክሬህም እጨምራለሁ። እጄ መስፈር እስኪያቅተው እንዲሁ ነኝ። ሰኞ ጠዋት ልጅቱን ስመርቃት አደራህን ዝም አትበለኝ፤ በዚያ በኩል ሆነህ አንድ ጭብጥ ጨምርላት። ለእሱም ሁለት ጨምርለት፤ የአንተ ቁና እንደሆን አሁን ከማንም አይጎድልም።

ያችው ክርክር የማይሰለቻት ሚስትህ