አባዬ የደፈናቸው ቀዳዳዎች

ኅዳር 3

ዛሬም ሁለት ፓሌት። ከመጋዘኑ ጀርባ። ዘበኛው "ለማገዶ ነው አይደል?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። ለምን አዎ አልኩ? "የግድግዳ ጌጥ ልሠራበት ነው" ብል ምን ይለኝ ነበር? የዕቃ መጫኛ ጣውላ ጌጥ ይሆናል ስል ይስቅብኛል ብዬ ነው። ዲግሪ ይዛ ጣውላ ለቃሚ...

አባዬ ጋሪ ተውሶ መጣልኝ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዳ ሰው ጋሪ እየገፋ። እኔ ከኋላ፣ ትንሽ ራቅ ብዬ። አብሬው ያልሆንኩ እንዲመስል። አስተውሎ ይሆን?

ከሰዓት ግቢ ውስጥ ምስማር በጉጠት ስነቅል ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ አባዬን በር ላይ ያዘችው። "ልጅህ ሥራ ያዘች?"

"ቢሮ ናት" አላት።

ቢሮ! መዶሻውን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩት። እንዳይሰማ።

ኅዳር 5

ትዕዛዝ! የመጀመሪያው!

ሽቅርቅሯ ናት። ዩኒቨርሲቲ አንድ ክፍል የተማርን፣ ቅጽል ስሟን እኔው ያወጣሁላት። ፀጉር ቤት ልትከፍት ነው። ስልኬ ላይ ለሙከራ የሠራሁትን ጌጥ ፎቶ አይታ በመስታወቱ ሥር የሚሰቀል ረጅም መደርደሪያ አዘዘችኝ። "ሻካራነቱ እንዳለ ይሁን። የምስማሩ ቀዳዳ፣ ዝገት ያጠቆረው፣ ሁሉም ይታይ። አዲስ የሚመስል ብፈልግማ ከሱቅ እገዛ ነበር" አለች። ሰፈሩ የሱቅ ሰፈር ነው። አንዱ ካየው ሌላው ያዛል። ከተሳካ ማመልከቻ ይዞ በየቢሮው መዞር ቀረ ማለት ነው!

ለአባዬ "መደርደሪያ ታዘዝኩ" ብቻ አልኩት። ስለ ሻካራነቱ አልነገርኩትም። አይገባውም ብዬ።

ኅዳር 9

አለቀ። አቤት ሲያምር! ጣውላው አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ማር መሳይ። ምስማር የነበረበት ሁሉ ጥቁር ዓይን አውጥቶ ያያል። ማዕዘኑ ላይ ዕቃ የሚያነሳው ፎርክሊፍት የቦጨቀው አለ፣ እሱን በተለይ ወደድኩት።

አባዬ ዙሪያውን ዞረ። አንዱ ቀዳዳ ውስጥ ጣቱን ከተተ።

"አልቋል?"

"አልቋል።"

"እህ" አለ።

ኅዳር 10

ማንጠልጠያ ልገዛ ወጥቼ ስመለስ ገና ከበሩ ቫርኒሽ ሸተተኝ።

መላጊያ ገፍቶበታል። እያንዳንዷን ቀዳዳ በስቱኮ ደፍኗል። የተቦጨቀውን ማዕዘን ሞልቶ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶታል። ከላይ ቫርኒሽ። መደርደሪያው ያብረቀርቃል... አባዬም ከአጠገቡ ያበራል። እጁ እስከ ክርኑ ስቱኮ።

"የሬሳ ሣጥን አስመሰልከው!" አልኩት። ጮኼ። ልብስ ሰፊዋ ከአጥሩ በላይ እያየች።

"ሰው ቤት እንደዚያ ተቦዳድሶ ይገባል ብዬ... ስምሽን በክፉ እንዳያስነሳ..." አለ።

"አበላሸኸው! ማን ንካ አለህ?"

ፊቱን... አልጽፈውም።

ኅዳር 11

ሌላ ለመሥራት ጊዜ ስለሌለ ያንኑ ይዘን ሄድን። ጋሪው ላይ፣ አባዬ ፊት፣ እኔ ኋላ። ተስፋ አድርጌ ነበር፣ ምናልባት ትወደው ይሆናል ብዬ።

ሽቅርቅሯ ጨርቁን ገልጣ ጣቷን በቫርኒሹ ላይ አስኬደች። "ይሄ እኮ አይደለም ያልኩሽ። ማነው እንዲህ ያደረገው?"

አባዬ በሩ ላይ ቆሟል። ቆቡን አውልቆ ይዟል።

"ሠራተኛው ነው" አልኩ። "አዲስ ነው።"

ከአፌ እንዴት ወጣ? ማን አስገደደኝ? የቅርብ ጓደኛዬ እንኳን አይደለችም!

አባዬ አንድ እርምጃ ገባ አለና "ይቅርታ እመቤቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ትዕዛዙን ሳልጠይቅ ነው የነካሁት። እሷን አይቆጧት" አላት። አንቱ አላት። የልጁን እኩያ።

እሷ አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ለቅዳሜ ሌላ አድርሺልኝ" አለች።

ስንመለስ ጋሪው ላይ መደርደሪያው ብቻ ነው የሚንኳኳው። አባዬ ቢሰድበኝ ምናለ...

ኅዳር 12

አባዬ እኔ የምሠራበት ዕቃ ቤት በር ላይ ቆሞ "ልግባ?" አለኝ። በገዛ ቤቱ።

ኅዳር 14

አዲሱን እየሠራሁ ነው። ምስማር ይነቅልልኛል። እያንዳንዷን ጣውላ ሳይነካ በፊት ይጠይቀኛል። "ይሄኛው ቀዳዳ ይደፈን ወይስ ይተው?" "ይተው አባዬ።" "ይሄስ ስንጥቅ?" "ይተው።" "እሺ።" ደግሞ እሺታው! ቀጥ ብሎ፣ እንደ ተቀጣሪ።

ይቅርታ ልለው አፌን ከፍቼ "ጉጠቱን አቀብለኝ" አልኩት።

ኅዳር 17

ቅዳሜ። ፀጉር ቤቱ ተከፈተ። መደርደሪያው ተሰቅሏል። ሴቶቹ ቀዳዳዎቹን በጣታቸው ይነካሉ፣ አንዲቷ ጫማ ሻጭ ለሱቋ ትፈልጋለች። መደሰት ነበረብኝ። አባዬን ና ብለው "ሥራ አለኝ" ብሎ ቀረ። ምን ሥራ አለው?

ሽቅርቅሯን ወደ ጓዳ ጠራኋት። "የዚያን ቀን ሠራተኛ ያልኩሽ... አባቴ ነው።"

"አውቄያለሁ" አለች።

"እንዴት?"

"ሠራተኛ 'አሠሪዬን አይቆጧት' ብሎ ሲለምን የት አይተሻል? ደግሞ አፍንጫችሁ አንድ ነው! እኔማ መቼ ትነግረኝ ይሆን እያልኩ ነበር።"

ፀጉር ማድረቂያው ይጮሃል፣ ሰው ይስቃል፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ... እና አባዬ አንቱ ሲላት ዝም ብላ ሰማች! እኔም ዝም ብዬ ሰማሁ።

ቤት እንደገባሁ "ነገርኳት" አልኩት።

"ምኑን?"

"አባቴ መሆንህን።"

"ታዲያ ማን መስዬአት ኖሯል?" ብሎ የጫማውን ክር መፍታት ጀመረ። ክሩ እኮ የተፈታ ነው። ዛሬም ይሸፍንልኛል።

"ይቅርታ አባዬ" አልኩ። ቀና አላለም። "ምሳሽን ብይ" አለ።

ኅዳር 19

ያን የሚያብረቀርቀውን መደርደሪያ ሳሎን ሰቀልኩት። አባዬ "ሣጥኑን?" አለ። የምገባበት ጠፋኝ። ትንሽ ቆይቶ የሾፌርነት ቆቡን አምጥቶ አስቀመጠበት።

ልብስ ሰፊዋ በር ላይ መጣች። "ልጅህ ዛሬ ቢሮ አልገባችም እንዴ?"

"የምን ቢሮ? ይኸው እዚህ ናት። ከፓሌት የቤት ጌጥ ትሠራለች። እኔም እሷ ጋ ተቀጥሬያለሁ።"

"ኧረ! ደሞዝስ?"

"ገና ሙከራ ላይ ነኝ፣ እትዬ። አንዴ አበላሽቼባታለሁ።"

ሳቀች። እሱም ሳቀ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። መዶሻውን ግን አላስቀመጥኩም። እንዲሰማ አድርጌ መታሁ።

ከዚያ የጫማ ሻጯን ጣውላ ይዞ መጣ። "ይሄ ቀዳዳ ይደፈን ይተው?"

"አንተ እንደመሰለህ" አልኩት።

ጣውላውን ገለባበጠው። ስቱኮ በአውራ ጣቱ ቆንጥሮ አንዱን ብቻ ደፈነ፣ ሌሎቹን ተዋቸው።

ያችን ጣውላ አልሸጥም። ለጫማ ሻጯ ሌላ እፈልጋለሁ። ነገ መጋዘን ስንሄድ ጋሪውን አብሬው እገፋለሁ።