የልጄን እድል ለመዘኑልን ለአቶ ሻኪር

ለክቡር አቶ ሻኪር መሐመድኑር፣
የ«ወርቃማ ካርድ» መደብር ባለቤትና ብቸኛ አስመጪ፣ የአርብ የካርድ ክበብ መሥራች፣ ሰብሳቢ፣ ዳኛ እና ዋጋ ተማኝ፣
ኮድቡር፣ ሐርጌሳ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደህንነት፣ ለመደብርዎ የመስታወት ሣጥንም ዘላለማዊ ንጽሕና እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። የሰሞኑ ነፋስና አቧራ ዓይንዎን እንዳላስቸገረው ተስፋ አደርጋለሁ። ዓይንዎ የክበባችን የጋራ ሀብት ነው፤ ከልጆች እጅ ካርድ ሲገዙ ሌላው ፍጡር የማያየውን ጭረት የሚያየው እሱ ብቻ ነውና።

ስሜ በሪሁን አሰግድ ይባላል። 26 ጁን በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር ከባለቤቴ ከልክየለሽና ከአሥራ አንድ ዓመት ልጄ ከሔመን ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ በአውሮፕላን ማረፊያው ጭነት መመዘን ሲሆን፣ መንገደኛው ሁሉ ሻንጣውን «ቀላል ናት» ሲለኝ «እስቲ ትውጣና እንያት» እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ክቡርነትዎ ግን የሚያውቁኝ ዘወትር አርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ በባጃጅ መጥቶ አንድ እሽግ «የጥልቁ ጠባቂዎች» ከልጁ ጋር የሚገዛ፣ እዚያው ባንኮኒዎ ላይ የሚያስከፍትና አንገቱን ደፍቶ የሚመለስ አባት አድርገው ነው።

ይህ ደብዳቤ ካርድ በማያውቁ ሰዎችም እጅ ስለሚገባ ጥቂት ላስረዳ። አንዱ እሽግ አሥር ካርድ ይይዛል፤ ምን ምን እንደያዘ ገዝቶ ካልከፈቱት አይታወቅም። አልበሙ ሰባ ሰባት ቦታ አለው። ስልሳ አራቱ ተራ ካርዶች ናቸው፤ አሥራ ሁለቱ የሚያብረቀርቁና ብርቅ ናቸው፤ የመጨረሻዋ፣ ሰባ ሰባተኛዋ፣ «የማዕበል እናት» የምትባለውና የሁሉም ቁንጮ ናት። አሳታሚው ድርጅት በሣጥኑ ጀርባ ላይ እንደጻፈው ከስድስት እሽግ በአንዱ የሚያብረቀርቅ ካርድ ይገኛል። ልጄ ሠላሳ ሦስት አርብ ሠላሳ ሦስት እሽግ ከፍታ አንድም አላገኘችም። ስልሳ አራቱ ተራ ቦታዎች ሞልተዋል፤ አሥራ ሦስቱ ባዶ ናቸው። እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ስለ ዋጋው ምስጋና ይድረስዎ። ስንጀምር አንዱ እሽግ አራት ዶላር ነበር፤ ከዚያ ስድስት ሆነ፤ ዛሬ ዘጠኝ ነው። ጭማሪው በመጣ ቁጥር ምክንያቱን በትዕግሥት ሲያስረዱን ቆይተዋል፦ መርከቡ በርበራ ወደብ ላይ ዘገየ፣ ከበርበራ ሲመጣ መንገዱ ተበላሸ፣ ባሕሩ ተናወጠ። በባሕሩ መናወጥ በጣም አዝኜ ነበር። ሐዘኔን ትንሽ ያቀለለልኝ፣ የእርስዎ ስም በጉልህ የተጻፈበት የካርድ ሣጥን በየወሩ በአውሮፕላን መጥቶ በእኔው ሚዛን ላይ ማለፉ ነው። በሥራዬ ያየሁትን ማውጣት ነውር ስለሆነ ክብደቱን አልናገርም። ባሕር እንዳልነካው ግን ልመሰክር እችላለሁ፤ ደረቅ ነበር።

ሁለተኛ፣ «ዳግመኛ የማይታተም» ብለው በስልሳ ዶላር ስለሸጡልኝ የካርድ ማስቀመጫ የቆርቆሮ ሣጥን። በዚያን ዕለት ድምፅዎን ዝቅ አድርገው፣ ለሌላ ሰው እንዳልናገር አስጠንቅቀው፣ ከባንኮኒው ሥር ሲያወጡልኝ በከተማው ውስጥ ከእኔ በቀር የተመረጠ ሰው ያለ አልመሰለኝም። ከሁለት ወር በኋላ ያው ሣጥን ከመደብርዎ ወለል እስከ ጣሪያው ተደርድሮ፣ እያንዳንዱ በሃያ አምስት ዶላር ሲሸጥ አየሁት። በዚህ ጉዳይ ሙሉ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አርባ ዓመት የሞላው ሰው በሹክሹክታ ዕቃ መግዛቱ ነውር ነው። ልክየለሽ እስከ ዛሬ በሃያ ዶላር የገዛሁት መስሏት ኖራለች። አሁን ይህን ስታነብ ታውቃለች፤ ለዚህም ጭምር አመሰግንዎታለሁ።

ሦስተኛ፣ በግድግዳዎ ላይ በእጅዎ ጽፈው ስለለጠፉት የዋጋ ዝርዝር። ሻጩ እርስዎ፣ ገዢው እርስዎ፣ ተማኙ እርስዎ፣ ክርክር ሲነሣም ዳኛው እርስዎ በመሆንዎ ክበባችን ከብዙ ስብሰባ ድኗል። የሔመን ጓደኛ ሂዳያ ከአክስቷ በስጦታ ያገኘችውን አንድ የሚያብረቀርቅ ካርድ ልትሸጥልዎ አምጥታ ነበር፤ በዝርዝርዎ ላይ አርባ ዶላር ተጽፎበታል። በማጉያ መነጽር ሩብ ሰዓት መርምረው ጭረት አገኙና አንድ ዶላር ሰጧት። በሳምንቱ ያው ካርድ በመስታወት ሣጥንዎ ውስጥ አርባ አምስት ዶላር ተለጥፎበት ቆሞ ነበር፤ ከጭረቱ ሙሉ በሙሉ ድኗል። የከተማችን ሐኪሞች እንዲህ በሰባት ቀን ጠባሳ ሳይተዉ ቁስል የሚያድኑበትን ጥበብ ከእርስዎ ቢማሩ እላለሁ። የሂዳያ እናት ኡምሰልማ ይህን ስትሰማ «ሐስቢየላህ» ብላ ፍርዱን ለአላህ ተወችው። እኔ እንደ እሷ ጨዋ ስላልሆንኩ ይኸው እጽፋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ሁሉ ንግድ ነው ብዬ በሆዴ ይዤው እኖር ነበር። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ እርስዎም ሰብሳቢነትዎ ሳያልፍ መብላትዎን አልነቀፍኩም። አራተኛው ግን ከዚህ ይለያል፤ ደብዳቤውንም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ልጄ እድለ ቢስ ነኝ ብላ አመነች፣ ክቡር ሆይ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ባዶ እሽግ ስትከፍት ትስቅ ነበር። ቀጥሎ በግራ እጇ መክፈት ጀመረች። ከዚያ ጸልያ መክፈት፣ ከዚያ ለሂዳያ ሰጥታ ማስከፈት መጣ። ባለፈው ወር «አባዬ፣ እኔ ከገባሁ ስለማይወጣ አንተ ግባ» ብላኝ እሷ ከውጭ ባጃጁ አጠገብ ቆማ ቀረች። በትምህርት ቤት እጣ ሲወጣ እጇን መስደድ ትታለች። ከፈተና በፊት እናቷ ስታበረታታት «ማጥናቱን አጥንቻለሁ፤ ግን እኔ እድል የለኝም» ብላ መለሰችላት። ይህ እንዴት በልቧ እንደገባ አውቃለሁ፤ በሃያኛው አርብ ገደማ ዓይኗ እንባ ሲሞላ አይተው፣ ራሷን ዳስሰው፣ «ሔመንዬ፣ አንዳንድ ሰው እድሉ ጠባብ ነው፤ ሪዝቅ ነው፤ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» ብለው ሲያጽናኗት አጠገብዎ ነበርኩ። እኔም ሞኙ አመስግኜዎት ወጣሁ።

ሪዝቅ፣ ማለትም ሰው የተመደበለት ድርሻ፣ ከፈጣሪ መሆኑን አልክድም። በመንገድ ላይ በእርስዎ ጓዳ በኩል እንደሚያልፍ ግን አላውቅም ነበር። ይህን ያወቅኩት የልክየለሽን ቀለበት ላስጠብብ ወደ ወርቅ ሻጯ ወደ ሰብሪና ዘንድ በሄድኩበት ቀን ነው። ሰብሪና ስለ ካርድ የምታውቀው ነገር የለም፤ በቅን ልቧ ስታጫውተኝ የካርድ ሻጫችን ደህና ደንበኛዋ እንደሆነ፣ ከእሷ የገዛውን ሚዛን «የግራም ስባሪ አያነብልኝም» ብሎ መልሶ የተሻለውን እንደወሰደ፣ እሷም ወርቅ ንግድ ሊጀምር መስሏት እንደመረቀችው ነገረችኝ። ነገሩ ሁሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። የሚያብረቀርቀው ካርድ ላዩ ላይ ብረት መሰል ሽፋን ስላለው ከተራው በጥቂቱ ይከብዳል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ስመዝን የኖርኩት ሰው በዚህ በኩል አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩም።

በሠላሳ አራተኛው አርብ አራት እሽግ የገዛሁት ለዚህ ነው፤ «ዛሬስ እጅዎ ተፈታ» ብለው ቀልደውብኛል። በማግስቱ ከሔመን ጋር ወደ ሰብሪና ሄድን። የባለቤቴ ወንድም ዮኒ ከዱባይ ለልጆቹ የገዛውን፣ ማንም ያልነካውን የዚሁኑ ካርድ ሙሉ ሣጥን ይዞ በዚህ በኩል ወደ አዲስ አበባ እያለፈ ስለነበር እሱም አብሮን መጣ። የዮኒ ሠላሳ ስድስት እሽጎች ሲመዘኑ ሠላሳው ሃያ አንድ ግራም ከምናምን ሆኑ፤ ስድስቱ ሃያ ሁለትን አለፉ። ስድስቱን ከፈታቸው፤ ስድስቱም ውስጥ የሚያብረቀርቅ ነበር። ከእርስዎ መደብር የመጡት አራቱ ደግሞ በአንድ ቀን የተወለዱ ይመስል ሃያ አንድ ነጥብ ሦስት፣ ሃያ አንድ ነጥብ ሦስት፣ ሃያ አንድ ነጥብ ሁለት፣ ሃያ አንድ ነጥብ ሦስት ሆኑ። አራት እሽግ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም ይሉኝ ይሆናል፤ ሠላሳ ሦስቱን አርቦች ይጨምሩበት። ከሥራዬ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር ጭነት በተፈጥሮው እኩል ሆኖ እንደማይመጣ ነው። እኩል ሆኖ የሚመጣው የተመረጠ ብቻ ነው።

ሔመን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ደግማ አነበበቻቸው። ዮኒ ከስድስቱ አንዱን ሊሰጣት ቢዘረጋላት «የልጆችህ ነው» ብላ አልተቀበለችውም። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ቀስ ብላ «እንግዲያው እኔ አልነበርኩም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። አይ፣ አንቺ አልነበርሽም አልኳት። ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ አለቀሰች። እኔም አልቅሻለሁ፤ የማፍርበት ነገር የለም።

ኡምሰልማ ሚዛን የሚያጎድል ሰው ምን እንደሚጠብቀው አቶ ሻኪር ከማንም በላይ ያውቃል ብላለች። እኔ ግን በዚህ አልከስዎትም፤ ሚዛንዎ ግራም አላጎደለም። ከባዱን ለጓዳዎ፣ ቀላሉን ለልጆቻችን አድርጎ በትክክል ለይቷል። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሠራተኛ በእኛ መሥሪያ ቤት ቢኖር አውሮፕላን አንድ ቀን አይዘገይም ነበር።

ክቡር ሰብሳቢ ሆይ፣ ገንዘቤን እንዲመልሱልኝ አልጠይቅም፤ የቆርቆሮ ሣጥኑንም ልክየለሽ ሽንኩርት አድርጋበታለች። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። በሚቀጥለው አርብ ክበቡ ሲሰበሰብ ያንን ትንሽ ሚዛን ከጓዳ አውጥተው ባንኮኒው ላይ ያስቀምጡት፤ እንዴት እንደሚሠሩበት ለልጆቹ ያሳዩዋቸው፤ ከዚያም «እድለ ቢስ አልነበራችሁም» የሚለውን ቃል በራስዎ አንደበት ይንገሯቸው። ሔመን ከእኔ ሰምታዋለች፤ የአባት ቃል ግን ማጽናኛ ነው። ከእርስዎ ሲሰሙት ነው እውነት የሚሆነው። በክበቡ ውስጥ አሥራ ስምንት ልጆች አሉ፤ ስንቶቹ በግራ እጃቸው እንደሚከፍቱ አላውቅም።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዓይንዎ ብርሃን፣ ለጣትዎ ጭረት የማግኘት ጥበብ፣ ለጓዳዎም ከባድ ከባዱን እየተመኘሁ፣ በወር አንድ ጊዜ ሣጥንዎን በታማኝነት በመመዘን እንደማገለግልዎ በማረጋገጥ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

በሪሁን አሰግድ
የጭነት መዛኝ፣ የሔመን አባት

ግልባጭ፦
ለክበቡ ወላጆች በሙሉ
ለወይዘሮ ሰብሪና፣ ምርቃታቸውን እንዲያነሡ
ለልክየለሽ፣ ከይቅርታ ጋር

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከላይ ያለውን ፈርሜ ከጨረስኩ በኋላ ሔመን አራቱን እሽጎች ልክፈታቸው አለችኝ። ለማስረጃ ብዬ እንደታሸጉ አስቀምጫቸው ነበር። ምንም እንደሌለባቸው ነገርኳት፤ «አውቃለሁ» አለችና በቀኝ እጇ፣ ሳትጸልይ፣ ለስላሳ እየጠጣች ከፈተቻቸው። ከሦስተኛው ውስጥ «የማዕበል እናት» ወጣች።

ክቡርነትዎ የዚችን ካርድ ዋጋ በግድግዳዎ ላይ ሦስት መቶ አምሳ ዶላር ብለው ሲጽፉ ምስሏን እንጂ ወረቀቷን አላዩም ነበር። አሳታሚው ድርጅት እንደ እርስዎ ያሉ የሚዛን ወዳጆች በየአገሩ ስለበዙበት ይመስለኛል፣ የሁሉንም ቁንጮ ያለ ብረት ሽፋን በተራ ወረቀት ላይ አትሟታል። ክብደቷ ከተራው ካርድ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ እስከ ዛሬ በእጅዎ ያለፉትን «የማዕበል እናቶች» ሁሉ ከቀላሉ ክምር ጋር ለልጆቻችን ሲሸጡ ኖረዋል ማለት ነው፤ እግዜር ይስጥልን።

ሔመን አትሸጣትም። አርብ ዕለት ይዛት ትመጣለች፤ ከሩቅ ማየት ይፈቀድልዎታል። እስከዚያ እንዳይሰለችዎ የወጣችበትን ባዶ መጠቅለያ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤልዎታለሁ። ይመዝኑት።