በሚሊቮዬ ግድግዳ ላይ ያለው ወታደር

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዴሳንካ፤

በቭራንዬ ከተማ እንደ እኔ የሚጽፍ ሰው የለም። እሺ፣ የማታ ትምህርት ቤት አስተማሪያችን አለች፤ የመድኃኒት ቤቱም ሰውዬ ይሞክራል። ለማንኛውም ይህ በገዛ እጄ የተጻፈ ነውና ልጅሽ ሚሌና ስታነብልሽ እንዳትስቅብኝ። ጤናሽ እንዴት ነው? ዓይንሽስ ትንሽ አየ ወይስ አሁንም ጥላ ብቻ ነው? ቪየና በረደ? እኛ ደህና ነን፤ የክረምቱን ቃሪያ ጠብሰን ጨርሰናል።

ወሬው እንዲህ ነው። ሚሊቮዬ መጠጥ ቤቱን አደሰና በሸራ የታተመ፣ በር የሚያህል የወታደር ፎቶ ሰቀለ። የታላቁ ጦርነት፣ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ነው። የመረጠው ቡናማነቱ ከወንበሮቹ ጋር ስለሄደለት ነው። ሰዉ ግን ወንበር መች አየ! የገባ ሁሉ ለሙታን እንደሚደረገው ከራኪያ አረቄው ጠብ እያደረገ አዲሱን ወለል አበላሸው። ሚሊቮዬ “እናንተ ሰዎች፣ ጌጥ እኮ ነው!” ቢል፣ ጎረቤታችን አሮጊቷ ሩማ “ጌጥ ይንቀልህ! የሰው ልጅ ነው። ይልቅ ስሙን ንገረንና ሻማ እናብራለት” አለችው። ስሙን ማን ያውቃል? ሙታን እስከሚታሰቡበት ቅዳሜ ካልተገኘ አውርጄ የባሕር ፎቶ እሰቅላለሁ ብሏል።

እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይባባል። ጆሮዎቹ የአባባ ናቸው፤ እንደ ድስት ጆሮ ግራና ቀኝ የተገተሩ። ቅንድቦቹ ገጥመዋል። እጁ ላይ መለከት አለ። ከጦርነቱ ሳይመለስ ያለ ፎቶ፣ ያለ መቃብር የቀረው ቅድመ አያታችን ያንኮ ይሆን? ሚስቱ ስታና መልኩን ያጫወተችው ለአንቺ ብቻ ነው። እስክትሞት ድረስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሻማውን ከታች ከሙታኑ ሻማ ሳይሆን ከላይ ከሕያዋኑ ጋር ነበር የምታበራው፤ ቄሱ ቢለምኗት እንኳ እምቢ አለች። አሁን አንቺ “እሱ ነው” ካልሽ፣ ሻማውን ወደ ታች የማወርደው እኔ ነኝ። ቅንድቡን ነግራሽ ነበር? ጆሮውንስ?

ሚሌናን ሳሚልኝ። ባሏን ፍራንትስን “የሚስትህ አጎት ቁም ነገረኛ ሆነ” በይው፣ አያምንም። የልጃቸውን የትንሿን ግሬታ ጉንጭ ቆንጥጪልኝ።

እትዬ፣ ደብዳቤውን ሳላሽገው አንድ ነገር። መለከቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ። ያንኮ መለከት ይነፋ እንደነበር ስለማውቅ፣ ቶሎ “አዎ” እንድትዪኝ ብዬ ነው። ፎቶው ላይ እጆቹ ጭራሽ አይታዩም። ጆሮዎቹ ግን እውነት ናቸው። ስታና ዕድሜዋን ሙሉ ያላወረደችውን ሰው በእኔ መለከት እንዳናወርደው፣ በጆሮው ብቻ ፍረጂ።

ወንድምሽ ስታንኮ
ቭራንዬ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2011