የሙሽራው ሰባት ቤት

ለልጄ ለእድላዊት፦ ያለሽበትን አገር አምላክ ያሙቅልሽ፣ መውጫ መግቢያሽን ይጠብቅልሽ። እኛ ደህና ነን። ገብሱን ውርጭ መታው፤ የኔም ጉልበት ዳገቱን እምቢ ብሎኛል።

«የተማሪ ቪዛዬ ሊያልቅ ነው፤ የዚህ አገር ሰው አግብቼ መኖሪያ ፈቃድ ላወጣ ነው» ያልሽኝን በሙሉ ለአባትሽ አልነገርሁም፤ ማግባትሽን ብቻ ነገርኋቸው። ቄስ አይደሉ፣ ዘመድ እንዳይሆን ሰባት ቤት ልቁጠር፣ የልጁን አባቶች ስም አምጪ እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ነሱኝ። «ፈረንጁን ከኛ ጋር ምን ያዛምደዋል?» ብላቸው «ሥርዓት ነው» አሉኝ። ደከመኝ ልጄ።

ሰውየውን ወደሽው ከሆነ የአባቶቹን ስም ጠይቀሽ ላኪልኝ። ለወረቀቱ ብቻ ከሆነ ግን አትጠይቂው፣ ዝም በይኝ። ዝምታሽ ይገባኛል፤ ለአባትሽ የምለውን እኔ አላጣም።

ያም ሆነ ይህ ያጠባሁሽ ጡቴ ይመርቅሽ።

እናትሽ ንግሥቴ፣ ከመካነ ሰላም