ወፌ ቆመች

ልጄ ደምመላሽ፣ እግርህን ከእንቅፋት የሚጠብቅ አምላክ ባለህበት አይለይህ። እኛ ደኅና ነን። ዘንድሮ የጎባ ብርድ ከፍቷል፤ ገብሱ ግን ደርሷል። ጎረቤታችን ወይዘሮ ጁሀራ «አላህ ይጠብቀው» ብለውሃል።

ከጀርመን አገር የላክኸው ፎቶግራፍ ደረሰን። አባትህ ሮቤ ገበያ ድረስ ይዘውት ሄደው «ልጄ ማራቶን ሊሮጥ ነው» እያሉ ያላሳዩት ሰው የለም። እኔ ግን ካየሁት ወዲህ እህል አልዋጥልኝ ብሏል። የጓደኛህን ትከሻ ተደግፈሃል፤ ቀኝ እግርህም መሬት የነካው በጣቱ ብቻ ነው። አባትህ «ፍቅራቸው ነው» ይላሉ። ምን ፍቅር! «ወፌ ቆመች» እያልኩ ያቆምኩህ እኔ ነኝ፤ እኔን አታታልለኝም።

የጃርሶን ዳማ ፈረስ አስታውስ። ማነከሱን እያዩ ለጥምቀት ጉግስ አስጋለቡት፤ ሰዉም እልል አለለት። ዛሬ ሜዳ ላይ ቆሞ ሌሎቹ ሲጋልቡ ያያል።

ሩጫው ሳይደርስ ለአሠልጣኝህ ንገረው። ካፈርክ «እናቴ ከለከለችኝ» በል። የአባትህን ቁጣ እኔ እችለዋለሁ። ፎቶግራፉንም ደብቄባቸው ይኸው ቤቱን እያመሱ ይፈልጉታል።

እመብርሃን በእጇ ትዳብስህ። ደግሞ «ደኅና ነኝ» ብለህ እንዳትጽፍልኝ። ማንንም ሳትደገፍ ቆመህ የተነሣኸውን ፎቶግራፍ ላክልኝና እንደ ልጅነትህ «ወፌ ቆመች» ልበልህ።

እናትህ ሠርከአዲስ